ለቅሶ ቤት የገባው ጆንያ

ሰኞ

መኪናው ወደ ሠፈራችን ስለማይገባ ወጣቶች ጆንያና ጀሪካን በትከሻ ተሸክመው አመጡ። ሩዝና ዘይት። በየጆንያው ላይ የልጄ የናስር ፎቶ፣ ከሥሩ «ምረጡኝ»። ለቅሶ ቤት ነው እንዲህ የሚገባው። ጎረቤታችን አው ዩሱፍ ትናንት ነው የተቀበሩት።

ናስር ራሱ ከኋላ ካሜራ ያንጠለጠለ ሰው አስከትሎ ገባ። ጉልበቱ ኳስ ካስተወው ወዲህ ለምክር ቤት እየተወዳደረ ነው። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ የለቅሶው ምግብ በሙሉ በእኔ ነው አለ። መሬት ብትውጠኝ ወደድኩ።

የሴቶቹ የለቅሶ ማኅበር፣ የአፎቻችን መሪ ሐጃ ዘይነባ ማማሰያቸውን እንደያዙ ወጡ። «ልጄ፣ የእኛ ድስት ተጥዷል። ይሄን ለሆቴል ውሰደው» አሉት። ከጓዳ የሴቶች ሳቅ ሰማሁ። በእሱ ይሁን በእኔ አልለየሁም።

ማክሰኞ

ልብስ ስፌቱ ላይ ተቀመጥኩ እንጂ አልሠራሁም። መርፌ ሰበርኩ። የጎን ባለሱቅ «ሬሳውንም ለብቻው ሊሸከም ነበር እንዴ?» አለኝ።

አፎቻ ማለት እኮ ሁሉም ትንሽ ትንሽ የሚሸከምበት ነው። አንዷ ሽንኩርት፣ አንዷ እንጨት፣ አንዷ ጉልበቷን። አንድ ሰው ሁሉንም ካነሳ ሐዘኑን ከሌላው እጅ ነጠቀ ማለት ነው። ባለቤቴ ራህማ ስትሞት እነዚሁ ሴቶች ናቸው ያቆሙኝ። ናስር አዲስ አበባ ጨዋታ ላይ ነበር፣ ሲደርስ ድስቱ ሁሉ ታጥቦ ነበር። አላየም። ካላየ ደግሞ ይጠይቃል እንጂ ካሜራ ይዞ ይመጣል?

ረቡዕ

ናስር መጣ። አንድም ቃል ሳልቆጥብ ነገርኩት።

«አባ፣ ሰው ረዳሁ እንጂ ሰረቅሁ?»

«ሰረቅህ። የጎረቤቱን ድርሻ ሰረቅህ።»

ሄደህ ሐጃ ዘይነባን ይቅርታ ጠይቅ አልኩት። አማካሪው ከምርጫ በፊት ይቅርታ የጠየቀ ተሸናፊ ነው ብሎታል። አማካሪ! እኔ ለእሱ የመጀመሪያውን ማልያ የሰፋሁለት ሰው አማካሪ አይደለሁም።

ቅዳሜ ፈላና በር የምርጫ ስብሰባ አለው። መድረክ ላይ ከጎኑ እንድቀመጥ ሊጠይቀኝ ነው የመጣው። ይቅርታ ካልጠየቅህ አልቀመጥም አልኩ።

«እንግዲያው ወንበርዎን ባዶ አስቀምጠዋለሁ። ሰው ይየው» ብሎ ወጣ። ሻዩን አልነካውም።

ሐሙስ

የንጋቱን ሱብሒ ሰገድኩ፣ ግንባሬ መሬት ነክቶ ልቤ ከልጄ ጋር ይከራከራል። አላህ ይቅር ይበለኝ።

ለአው ዩሱፍ ነው የተናደድኩት ወይስ ለራሴ ስም? እውነቱን ከተናገርኩ ለሁለቱም። ናስር ጎል ባገባ ቁጥር ጊደር መጋላ ገበያ ውስጥ ደረቴን ነፍቼ እሄድ ነበር። ሰው እጄን ይጨብጠኛል፣ እኔ ያገባሁት ይመስል። የጎሉን ምስጋና እየወሰድኩ የነውሩን አልካፈልም ልበል?

ቢሆንም ተናድጃለሁ። ያ ጆንያ ዓይኔ ላይ አለ።

ዓርብ

ከጁምዓ በኋላ ለቅሶ ቤቱ ውስጥ ለአው ዩሱፍ ዱዓ ነበር። ናስር ብቻውን መጣ። ከበሩ ሥር፣ ጫማ ከሚወልቅበት ቦታ ተቀመጠ። ወደ ላይ፣ ወደ ክብር መደቡ ውጣ ያለው የለም፣ እኔም አላልኩም።

ዱዓው ሲያልቅ ወደ ሐጃ ዘይነባ ሄዶ ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር ተናገረ። ምን እንዳለ አልሰማሁም። እሳቸው ባዶ የውሃ ጀሪካኖቹን በአገጫቸው አሳዩት። «ቧንቧው ደርቋል። የውሃ ቦቴው ከከተማው በር ውጭ፣ ከዳገቱ ሥር ቆሟል» አሉት።

በዚያ በታመመ ጉልበቱ ዳገቱን ውሃ ተሸክሞ ወጣ። ሴቶቹ «አጥቂያችን፣ ፍጠን እንጂ፣ ዳኛው ሊነፋ ነው» እያሉ ሳቁበት። ባዶዎቹን ይዞ እንደገና ወረደ።

እኔ መጀመሪያ ያየሁት ጣሪያውንና የግንቡን ጥግ ነው፣ ካሜራ ፍለጋ። አልነበረም። ልጄን እንዲህ መጠርጠሬም አናደደኝ።

ሲወጣ ሸሚዙ በውሃ ርሶ «ነገስ፣ አባ?» አለኝ። አላውቅም አልኩት። እውነቴን ነው።

ይቅርታው ለሐጃ ይሁን ለድምፅ አላህ ያውቃል። ንዴቴ አልበረደም። ነጩን ሸሚዜን ግን ተኩሼ ሰቅዬዋለሁ።