አንገትሽን ደፍተሽ እለፊ ያልኩሽ

ልጄ ሶሊያና፣ የረገጥሽው መሬት ይለስልስልሽ፤ የሰው አገር ብርድ አይድፈርሽ።

እኛ ደህና ነን። ዘንድሮ መስከረም ጠብቶም የእንጦጦ ጉም ሽሮ ሜዳን አልለቀቃትም፤ አባትሽ ቀንም መብራት አብርቶ ነው የሚሸምነው።

እህትሽ ሮሐ ከትምህርት ቤት እያመሸች ስታስቸግረኝ አንድ ቀን ተከተልኳት። ታክሲ ተራውን ትታ በእጽዋት ማዕከሉ በኩል ትዞራለች። ከአንድ ጽድ ሥር ጉም ለብሳ ተቀምጣለች፤ በሕልሜ ያየኋት መሰለኝ።

«እማዬ፣ ታክሲ ተራ ያሉት ልጆች እጄን ይጎትቱኛል። 'የሸማኔ ልጅ' እያሉ ይስቁብኛል» አለችኝ።

«አንገትሽን ደፍተሽ እለፊ» ልላት ስል አንቺ ትዝ አልሽኝ። በእሷ ዕድሜ ሳለሽ እንዲህ ያለውን ልትነግሪኝ ስትጀምሪ ይህንኑ ብዬሽ፣ ከዚያ ወዲያ ምንም ነግረሽኝ አታውቂም።

«ጥፋቱ ያንቺ አይደለም፤ ነገ አብረን እናልፋለን» አልኳት።

በማግስቱ በታክሲ ተራው ጥቂት ቀድማኝ ስታልፍ አንዱ እጇን ሲይዛት ቀጥ ብላ ቆመች። «አዎ፣ የሸማኔ ልጅ ነኝ! እጄን ልቀቅ!» ስትል ነጠላ ሻጮቹ ሁሉ ከየሱቃቸው ወጡ። ልጁ አቀርቅሮ ሄደ። እኔም ሄጄ ከጎኗ ቆምኩ። አሁን ከሦስት ጓደኞቿ ጋር በዚያው መንገድ እየሳቀች ትመጣለች።

ሶልዬ፣ ያኔ ስላላዳመጥኩሽ ይቅር በዪኝ። ስትደውዪ ያኔ የሆንሽውን ንገሪኝ፤ ቁጭ ብዬ እሰማሻለሁ። አምላክ በሄድሽበት ሰሚ አያሳጣሽ።

እናትሽ ሸዋገነት