እትዬ አስካለ የሚቆሙበት መስኮት

እሑድ፣ የካቲት 29፣ ከቀኑ 8 ሰዓት
ቁርስ፦ ሁለት እንቁላል። በሁዳዴ። ስለዚህ እንደ ወትሮው ከቤ/ክ ውጭ ቆምኩ። እትዬ አስካለም እንደ ወትሮው ከጎኔ። ስኳር አለባቸው፤ መድኃኒቱ ያለ ምግብ አይወሰድም፤ በልቶ መግባት ደግሞ አይሆንላቸውም። ቄሱ ፈቅደውላቸዋል። "እሳቸው ፈቀዱ፤ እኔ መች ፈቀድኩ?" ይላሉ። ቅዳሴው ጥርት ብሎ የሚሰማው ከሰሜኑ መስኮት ሥር ነው። ከመስኮቱ በላይ ቁልቁለታም የቆርቆሮ ጣሪያ፤ በላዩ የዊንተሩ በረዶ በሙሉ። ዛሬ ከጠርዙ ውሃ ይንጠባጠባል። አልጣመኝም።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 1
ከሥራ ቦታዬ ከፎርት ስኔሊንግ ሺፍቴን ጨርሼ በቀጥታ ቤ/ክ። በጎን መሰላል አቁሜ የበረዶውን ጠርዝ በአካፋ ቆርጬ አየሁት። ይህን የተማርኩት ኮሎራዶ ነው፤ ሁለት ዊንተር ስኪ ቦታ፣ በረዶ ላይ የሚንሸራተቱበት ተራራ፣ አካፋ ይዤ ስሠራ፣ የበረዶ ናዳ የሚከታተሉት ልጆች አሳይተውኛል። የላዩ ረጥቦ ከብዷል። የሥሩ ያልታሸ በሶ፤ ቢጨብጡት አይያያዝም። ውሃው ወደዚያ እየወረደ ነው። ሌሊት ከቀዘቀዘ ይጠነክራል፤ ጠዋት ለጥቂት ሰዓት ይታመናል። ካልቀዘቀዘ አይታመንም። ትምህርቱ ይኸው ነው።
ተራራ በሌለበት ስቴት የናዳ ባለሙያ ሆንኩ። ማስታወሻዬ፣ አትሳቅ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 3
ለሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበር ደወልኩ። በአጀንዳ ይያዛል አሉ። ስብሰባው ከፋሲካ በኋላ። ለበረዶውም ይነገረው አልኩ። አልሳቁም።
ሰሜኑ መስኮት ሥር ሰው እንዳይቆም ገመድ ወጠርኩ። ለእትዬ አስካለ ደውዬ ነገርኳቸው፤ ጎንበስ ብዬ አልፋለሁ አሉ። እንግዲያው ይግቡ አልኩ። "አንተ መጀመሪያ ግባ፤ እከተልሃለሁ" ብለው ሳቁ። እንቁላሌን ያውቃሉ። ሽታው ከኮትህ አይወጣም ይላሉ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 5
ሁለት ሌሊት አልቀዘቀዘም። ዛሬ ዝናብ። 9 ሰዓት ላይ የደቡቡ ጣሪያ በረዶ ወረደ። ሰው አልነበረም። የብረቱን አግዳሚ ወንበር ለሁለት አጥፎታል። መኪናዬ ውስጥ ሆኜ ሰማሁት፤ አሸዋ የጫነ ሲኖትራክ ሲገለብጥ ነው የሚመስለው። እዚያ ወንበር ላይ ስንት እሑድ እግሬን ዘርግቼ... ይቅር።
ሰሜኑ ፀሐይ ስለማያገኘው ገና አልወረደም። ለነገ ነው የቆየው።
ለሊቀ መንበሩ የወንበሩን ፎቶ ላክሁ። በጸሎት የተጋጠሙ ሁለት እጆች ኢሞጂ ላኩልኝ። እትዬ አስካለ ስልክ አያነሱም፤ ቅዳሜ ማታ ጸሎት ላይ ናቸው።

እሑድ፣ መጋቢት 6፣ ንጋት 11 ሰዓት ተኩል
ቴርሞሜትሩ 39። እዚህ አገር ውሃ የሚቀዘቅዘው 32 ላይ ነው። ሦስተኛ ሌሊት።
እንቁላሎቹን አውጥቼ ነበር። መልሼ ፍሪጅ ከተትኳቸው። ነጠላዬን ፈልጌ አገኘሁት፤ የታጠፈበት መስመር ቢጫ ሆኗል። ምን ያህል ዓመት እንደታጠፈ አልቆጥርም።
ከሳቸው ቀድሜ መድረስ አለብኝ። ደጁ ላይ ጫማዬን አውልቄ ስገባ በዓይናቸው ካላዩ አያምኑም።