ጠበል የጨመርኩባት ዓሣ

ኅዳር 12 ቀን 2013 ዓ.ም.

ይህ ወንበር ወገቤን ጨረሰው። ከጠዋት ጀምሮ ከዓሣዋ ገንዳ ፊት አልተነሣሁም።

ብርቱካንማዋ የባሕር ዓሣ ሟቹ ወንድሜ ለልጁ ለሰላም የተወላት ናት። ሰላም ኢስትሙር በሚባለው ሰፈር ያለው ቤቷ እስኪታደስ ለእኔ አደራ ሰጠችኝ።

ትናንት ደውላ፣ «ጋሼ፣ አብሯት የነበረው ወንዱ ዓሣ ስለሞተ፣ እንደ ዝርያዋ ልማድ እሷ ወንድ እየሆነች ነው። ቀለሟ ቢለወጥ ፓኒክ እንዳታደርግ» አለችኝ።

«እንግዲያው የክርስትና ስሟንም እናስቀይራ» ብዬ አሳቅኳት።

ዛሬ ጠዋት ቀለሟ ሲጠቁር ግን ፈራሁና አንድ ጋሎን የሚካኤል ጠበል ገንዳዋ ውስጥ ገለበጥኩ። የምትኖረው በጨው ውሃ መሆኑ ትዝ ያለኝ ጋሎኑ ባዶ ከሆነ በኋላ ነው።

አሁን በጎኗ ተኝታለች፤ ክንፏ አልፎ አልፎ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ልጅቱ ከአባቷ የቀራትን ገደልኩባት ይሆን?

በሩ ተንኳኳ። በመስኮቱ ሳይ ሰላም ናት፤ እንደምትመጣ አልነገረችኝም።