ለእምባየ፣ ስለ ባለቀንዷ ሰንጢ

ውድ እምባየ፣

«እምባየ? ኢንሻላህ ሰሊጡ ሳይጫን ይመጣል» አለ ኢሀብ፣ ባለሪክሻው። ለእኔ አልነበረም የተናገረው፤ ሻይ ሻጯ በላይነሽ ስለ አንተ ስትጠይቀው ከጀርባዬ ሰማሁት። ኢሀብ ዛሬ ይዘንባል ያለ ቀን ልብሴን አጥቤ አሰጣለሁ። የዚያን ቀን ግን ኢንሻላህን ትቼ የቀረውን እንዳለ ተቀበልሁት፤ ወዲያው ሄጄ የሥራ ጠረጴዛችንን በአንተ በኩል ጠረግሁ።

ሰሊጡ ተጭኖ አለቀ።

እናትህን አይተህ ልትመለስ ተከዜን ከተሻገርህ ወዲህ፣ የሠራሃቸው ሰንጢዎች ከየእርሻው እየተመለሱ ነው። ይላላሉ፣ ምን ይደረግ። ገመድ ሲቆርጡባት፣ የጆንያ ስፌት ሲተረትሩባት፣ ላብ ሲገባባት፣ ብሎኗ ቀስ በቀስ ትዞራለች። እኔ ጫፏን በመዶሻ ቀጥቅጠህ ድፈናትና ተገላገል ብዬህ ነበር። «ከደፈንኋት በኋላ አቧራውን በምን ላውጣው፣ በጸሎት?» አልኸኝ። አንተ ብሎኗን በቤንዚን ታጥባለህ፤ ጥርሷ ላይ የበላይነሽን ቀይ የጥፍር ቀለም ጠብ ታደርጋለህ፤ እስኪደርቅ ማንም ዝር አይልም። በላይነሽ አንድም ጥፍሯን ሳትቀባ ቀለሙ ማለቁን እስከ ዛሬ ታነሣብሃለች።

ስለ ብሎን የሚነበብ ነገር ገዳሪፍን አስሼ ያገኘሁት አንድ የዓረብኛ የስፌት መኪና መመሪያ ነበር። ሲንቀጠቀጥ የሚውል ነገር ይላላል፣ በየጊዜው ይጥበቅ ይላል። ተርጕሜ ሳነብልህ «ስለ ስደተኛ ነው የጻፈው» ብለህ ሳቅህ።

የቤታችንን ሕግ ያወጣኸው አንተ ነህ፦ የላላችን ሰንጢ የሚያጠብቃት የሠራት ሰው ብቻ ነው፤ ሌላ እጅ ከገባባት ጥፋቱ የማን እንደሆነ አይታወቅም። ስለዚህ ያንተዎቹን በዱቄት ወተት ቆርቆሮ አጠራቅሜ «ሠሪው ይመጣል» እላለሁ። ምንይችል፣ ያ የመተማው የቀን ሠራተኛ፣ «ጋሼ ታምሬ፣ ጓደኛህ ነው ወይስ መሲሕ? ስንጠብቀው አረጀን እኮ!» ብሎኝ ሄደ። ካቻቢቴውን አነሣሁና መልሼ አስቀመጥሁት። አንዷን ካጠበቅሁ አንተ እንደማትመጣ በገዛ እጄ የፈረምሁ ይመስለኛል።

የራስህን፣ ከኪስህ የማትለየውን ባለቀንድ እጀታዋን ሰንጢ፣ አንድ ቀን ላጥብቅልህ ብዬ እጄን ዘረጋሁ። «ይቺን ከኪሴ የሚያወጣት የሚገንዘኝ ሰው ነው» አልኸኝ። አብሬህ ሳቅሁ። ቅር ብሎኝ እንደነበር ግን አልነገርሁህም። ስንት ዘመን አንድ ጠረጴዛ ላይ ሠርተን፣ አንዲት ብሎን እንኳ አታምነኝም ብዬ።

ዛሬ ጠዋት ሓፍቶም መጣ፤ አብሮህ የተሻገረው የካምፕ ጎረቤትህ። ተቀመጥ ብለው እንቢ አለ። በላይነሽ የቀዳችለትን ሻይ ይዞ ቆመ እንጂ አልቀመሰውም። ከዚያ ባለቀንዷን መዳፌ ላይ አኖራት።

«እምባየ ነው የላካት። ብሎኗ ላልታለች፣ ታምሬ ያጥብቅልኝ ብሏል።»

«እሱ ራሱስ?»

«ይመጣል» አለ፤ የሚያየው ሻዩን ነበር። «ይመጣል፣ ዓርከይ።»

ደብዳቤ ልስጥህና አድርስልኝ ስለው፣ መመለሴን እንጃ ብሎ ብርጭቆውን ሙሉውን አስቀምጦ ሄደ።

ደስ አለኝ፣ እምባየ። አትሳቅብኝ። ሕግህን ራስህ ሽረህ ብሎንህን አመንኸኝ። ቤንዚኑን ቀድቻለሁ፤ በላይነሽም ሳልጠይቃት የጥፍር ቀለሟን አምጥታ ጠረጴዛው ላይ ትታልኝ ሄደች። ሳልነካት በፊት ልንገርህ ብዬ ነው የምጽፍልህ። እንደ አንተ አድርጌ አጠብቃታለሁ፤ መጥተህ ታያታለህ።

ባልደረባህ ታምሬ
ገዳሪፍ

ከፈረምሁ በኋላ፦ ካቻቢቴውን ገጠምሁባት። ብሎኗ አልላላችም፤ ቀይ ቀለሟም አልተሰነጠቀም።