ከቀሚሱ ትከሻ የጠፋው ቅቤ

ቆቦ፣ ሚያዝያ 14 ቀን 1999 ዓ.ም.

ዛሬ ደሜ ፈልቷል። የልጅ ልጄ ዘሀራ የአያቷን፣ የሟች ሚስቴን፣ የሰርግ ቀሚስ አጥባ አጥር ላይ አስጥታው አገኘኋት። ይቺ ልጅ የድሮ ጥልፍ ቀሚስ ከየአሮጊቱ ቤት እየለቀመች ሳጥን ሙሉ አጠራቅማለች፤ የኔንም ለማቆየት ብላ ነው አሉ።

«አባዬ፣ ትከሻው ላይ እኮ ቅባት ነበረበት፤ ብል ሊበላው!»

«የምን ቅባት? የሙሽርነት ቅቤዋ ነው! ሰርጋችን ላይ ስትጨፍር ከፀጉሯ ቀልጦ የወረደ!» ብዬ ጮህኩባት። ሳጥኔን በከፈትኩ ቁጥር እሷን እሷን የሚሸተኝ እሱ ነበር።

«ታዲያ ሌላ ቅቤ ልቀባው?» አትለኝም!

«ቀቢው፤ ስትመለሺ አያትሽንም ከገበያ ይዘሽልኝ ነይ» አልኳት። ሳቋን ዋጠችው።

ጥልፉ እንደ አዲስ ፈክቷል። አሸተትኩት፤ ሳሙና ብቻ ነው። አሁንማ ማንም ሊለብሰው ይችላል።