ዘንቢሉን የተውኩበት ምክንያት

ደብረ ብርሃን፣ ኅዳር 1982 ዓ.ም.

ውድ እህቴ ሲቲ፣

ይህን ደብዳቤ በትልልቁ የጻፍኩት አንቺ ራስሽ እንድታነቢው ብዬ ነው። መሠረተ ትምህርት ገብተሽ የቆጠርሽው ፊደል እንዳልጠፋሽ አውቃለሁ። በሌላ ሰው አታስነብቢው። ቢያደክምሽም ሁለት ሦስት ቀን ወስደሽ ቀስ ብለሽ ጨርሺው።

ባለፈው ቅዳሜ የአገርሽን ሰው፣ በርበሬ ነጋዴውን ዓወልን ገበያ ላይ አገኘሁትና ስለ አንቺ ጠየቅሁት። «ደህና ናት፣ አልሐምዱሊላህ» ብሎ ሊያልፈኝ ነበር። አልለቅህ ስለው ጊዜ አቀርቅሮ ነገረኝ። «ሲቲ ደብረ ብርሃን መውጣት ትታለች። ለተጊዮርጊስ ከተሜ ሆነችና በሰው ፊት አፈረችብኝ ትላለች» አለኝ። ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ስምንት ወር ሙሉ የቀረሽው ለዚህ ነው? እኔ ደግሞ የቀረሽው ውሸቴን ስላወቅሽብኝ ይመስለኝ ነበር። እውነቱን ልንገርሽ። ከሰማሽ በኋላ የፈለግሽውን ፍረጂብኝ።

መጀመሪያ የተገናኘንበትን ቀን ታስታውሻለሽ? 1969 ክረምት ነበር። ከአልዩ አምባ ሽቅብ ወጥተሽ፣ አንኮበር አድረሽ፣ በጭነት መኪና ዘንቢልሽን ይዘሽ መጣሽ። እኔ ትልቁን ዘንቢል አንስቼ ዋጋውን ስጠይቅሽ ከእጄ ተቀበልሽኝና «እቤት ስንት ናችሁ?» አልሽኝ። «እኔ፣ ባለቤቴና ልጄ» አልኩሽ። «እንግዲያው ይኼ ይበዛብሻል» ብለሽ ወገቡ ላይ ቀይ የዞረበትን መካከለኛውን መረጥሽልኝ። ትልቁን ብትሸጪልኝ ይሻልሽ እንደነበር ገብቶኛል። ከዚያ ዝናቡ ወረደ፣ መኪናው ትቶሽ ሄደ፣ ሰዓት እላፊው ደረሰ። «ነይ እኔ ቤት እደሪ» አልኩሽ። ባለቤቴ ወልደ ሰንበት ካፖርቱን ደርቦ ቀበሌ ሄዶ እንግዳ መጥቶብናል ብሎ አስመዘገበሽ። አንቺ የደብረ ብርሃን ብርድ አንቀጥቅጦሽ ሁለት ብርድ ልብስ ተከናንበሽ «እናንተ ሰዎች እንዴት ነው የምትኖሩት?» ስትይ ልጄ ኃይለ ገብርኤል በሳቅ ፈረሰ።

ከዚያ በኋላ በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ ማደሪያሽ እኛ ቤት ሆነ። ለአንቺ የተለየች ድስት ገዛሁ፤ ሌላ ሰው አይነካትም ነበር። ወልደ ሰንበት ሲሞት ያን ሁሉ ዳገት በአዘቦት ቀን ወጥተሽ ሦስት ቀን አጠገቤ ተቀመጥሽ። በ1979 ኃይለ ገብርኤልን ለብሔራዊ ውትድርና ሲወስዱብኝም በማግሥቱ መጥተሽ እጄን ይዘሽ ዋልሽ። የመጨረሻው ደብዳቤው ከሰሜን የመጣው የካቲት 1980 ነው። ከዚያ ወዲህ የለም። ቀበሌ ስሄድ «ዝርዝር ሲመጣ ይነገርሻል» ይሉኛል። ዝርዝሩ ምን እንደሆነ ግን አይነግሩኝም።

እንግዲህ ዘንቢሉ። እኔ ያቺን ዘንቢልሽን አሥር ዓመት ይዣት ገበያ ወጥቻለሁ። ልጄ ከሄደ በኋላም ያዝኳት። ግን ለአንድ ሰው ምን ይገዛል? ግማሽ ኪሎ ሽንኩርት፣ ትንሽ ድንች፣ አንዲት ራስ ጎመን። ያ ሁሉ ከዘንቢሏ ታች ይቀመጥና ላይዋ ባዶ ይሆናል። አትክልት የምትሸጠው ወርቅአገኘሁ አንገቷን አስግጋ ወደ ውስጥ እያየች «ይችን ብቻ? ኃይሌ አልመጣም እንዴ?» ትለኛለች። «አልመጣም» እላለሁ። ዘንቢሏን ጎመን አስሞልቼ የሄድኩ ቀን ደግሞ «እሰይ! ኃይሌ መጣ?» ብላ ከመቀመጫዋ ትነሳለች። ጎረቤቶቼም እንደዚያው። ክፋት የላቸውም፤ ግን በየቅዳሜው ሦስት አራት ጊዜ «አልመጣም» ማለት ምን እንደሆነ አላወቁልኝም።

አንድ ቀን ዘንቢሏን ሳልይዝ ከምሠራበት የሱፍ ፋብሪካ ወጥቼ በዚያው ወደ ወርቅአገኘሁ ሄድኩ። ሽንኩርቱን ከአዲስ አበባ በመጣ ፌስታል አድርጋ ሰጠችኝ። ቋጥሬው ሄድኩ። በመንገድ የጠየቀኝ ሰው የለም። ፌስታል የያዘን ሰው ማንም አይጠይቀውም፤ ለስንት ሰው እንደገዛ አይታወቅበትም። እቤቴ ስደርስ ሳላለቅስ እራቴን ሠራሁ። ከዚያ ፌስታሉን አጥቤ አጥሩ ላይ አሰጣሁት። ዘንቢሏን ቆጥ ላይ ሰቀልኳት።

አንቺ ደግሞ በዚያው ሰሞን ሃያ ዘንቢል ይዘሽ መጥተሽ ሦስት ብቻ ሸጥሽ። ማታ የቀረውን ጥግ ላይ ደርድረሽ ጠየቅሽኝ። «ለተ፣ እስቲ ንገሪኝ፣ የከተማ ሰው ይኼን ላስቲክ ለምንድን ነው የወደደው? ዘንቢሌ ምን አጠፋች?»

እኔም ሰው ሁሉ የሚለውን አልኩሽ። ቀላል ነው፣ ተጣጥፎ ኪስ ይገባል። ሥጋ ቢይዙበት አያንጠባጥብም። ፋብሪካ በር ላይ ዘንቢል ይዞ የወጣ ሱፍ ደብቀሃል ተብሎ ይፈተሻል፤ ስለዚህ ሠራተኛው ባዶ እጁን ወጥቶ በመንገዱ ይገዛል። ይኼ ሁሉ ውሸት አይደለም። አንቺ ግን «አንቺስ?» አልሽኝ።

«እኔማ ያንቺን በምንም አልለውጥም» አልኩ።

ወደ ቆጡ ቀና ብትዪ ታዪያት ነበር። አላየሽም፤ ወይም አይተሽ ዝም አልሽኝ።

ከዚያ ያ የመጋቢት ቅዳሜ መጣ። ከወርቅአገኘሁ ዘንድ ፌስታሌን አንጠልጥዬ ስዞር አንቺ ዘንቢልሽን በጀርባሽ አዝለሽ ፊት ለፊቴ ትመጫለሽ። «ለተ!» ብለሽ እጅሽን አነሳሽ። አጠገቤ የፋብሪካ ሴቶች ነበሩ። እኔ ፌስታሉን ነጠላዬ ውስጥ ወሸቅሁና እንዳልሰማ ሰው በጨው ተራ በኩል ታጠፍኩ። እቤት ገብቼ ድስትሽን ጥጄ ጠበቅሁሽ። አልመጣሽም። በከሰዓቱ መኪና መመለስሽን በኋላ ሰማሁ።

አየሽ ሲቲ፣ የሸሸሁት ከፌስታሉ ጋር እንዳታዪኝ ብዬ ነው። በአንቺ አላፈርኩም። ያፈርኩት በራሴ ነው። ብታዪኝ «ለምን?» ትይኛለሽ፤ ለአንቺ ደግሞ ሁለተኛ መዋሸት አልችልም። እውነቱን ልናገር ብል «አንቺ ለሦስት ሰው የመረጥሽልኝ ዘንቢል ለእኔ ብቻ በዛብኝ» ማለት ሊኖርብኝ ነው። ያን ቃል ከአፌ ካወጣሁት ልጄ የማይመለስ መሰለኝ።

ስለ ሌላው የከተማ ሰው አላውቅም። ግን ከዚያ ወዲህ ገበያ ላይ ፌስታል የያዘ ሰው ሳይ ወደ ቤቱ ልከተለው ያምረኛል። ከአብዛኛው በር በስተኋላ እንደኔ ለዛሬ እራት ብቻ የገዛ፣ ብቻውን የሚበላ ሰው ያለ ይመስለኛል።

ዝም ብዬ ተቀምጬ እንዳይመስልሽ። ጥቅምት ላይ ሦስት ቀን ፈቃድ ወስጄ አንኮበር ድረስ መጥቼ ነበር። ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ቆሜ አገራችሁን አየሁት፤ ከታች ጭጋግ ነበር። አንዲት እንጨት የተሸከመች ሴት መንገዱን አሳየችኝና «ዘመድ ልትጠይቂ ነው?» አለችኝ። «አዎ» ማለት አቃተኝ። ዘመድነቴን በመጋቢት የጣልኩት መሰለኝ። እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ቆየሁና በመጀመሪያው መኪና ተመለስኩ።

አሁን ግን ወስኛለሁ። የታኅሣሥ ገብርኤል ዘንድሮ ሐሙስ ይውላል። ለልጄ ስለት አለብኝ፤ ቤተ ክርስቲያን ተሳልሜ አንኮበር እገባለሁ። ማግሥቱ ዓርብ የገበያችሁ ቀን ነው፤ ከገበያተኛው ጋር እወርዳለሁ። ልታዪኝ ባትፈልጊ እንኳን ደጃፍሽ ድረስ መጥቼ ይቅርታ ጠይቄሽ እመለሳለሁ።

አንድ ነገር ቀረኝ፤ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። እኔ ቤት አድረሽ ንጋት ላይ ስትሰግጂ ያልነቃሁ መስዬ እሰማሽ ነበር። ሶላትሽን ጨርሰሽ ዱዓ ስታደርጊ፣ ከልጆችሽ ስም ቀጥለሽ «ያ አላህ፣ ኃይለ ገብርኤልን ለእናቱ አግባላት» ትይ ነበር። አንድም ቀን ረስተሽው አታውቂም። እዚህ ከተማ መጣ ወይ ብሎ የሚጠይቀኝ ብዙ ነው። ከእኔ ሌላ ስሙን ለፈጣሪ የሚጠራልኝ ግን አንቺን ብቻ ነው የማውቀው። ከተቀየምሽኝ ወዲህ እሱንም ትተሽው ይሆን እያልኩ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ለደብዳቤው መልስ አትድከሚ። አሁንም ስሙን የምትጠሪ ከሆነ በዓወል በኩል «አዎ» ብለሽ ላኪልኝ። ሌላውን ስንገናኝ እንነጋገራለን።

እህትሽ ለተጊዮርጊስ