ዶክተር ያለምወርቅ ያልጠየቁት ቤት

ዶክተር ያለምወርቅ ቀጀላ ከአባታቸው ከአቶ ቀጀላ ቢራ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ዕፀገነት ጥቅምት 12 ቀን 1957 ዓ.ም. አቃቂ፣ ከባቡር ጣቢያው አጠገብ ተወለዱ። አባታቸው የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ። እሳቸው የቤቱ የበኩር ልጅ ሲሆኑ ወንድማቸው ሁንዴ በ1961፣ ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀችው ታናሽ እህታቸው ዲንቄ ደግሞ በ1965 ዓ.ም. ተከትለዋቸዋል።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ እዚያው አቃቂ ትምህርት ቤት ገቡ። ከአንደኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል አንደኛ እየወጡ ጨረሱ፤ አንድም ጊዜ ሁለተኛ ወጥተው አያውቁም። አባታቸው ሰርተፊኬቶቻቸውን በየዓመቱ በፍሬም እያስገቡ ሳሎን ሰቀሏቸው። ግድግዳው ሲሞላ ዲንቄ በእጅ ጽሑፍ ያገኘችው ሽልማት ቁም ሣጥን ገባ። ይህ በሟች ላይ የሚነሣ ወቀሳ አይደለም፤ ግድግዳው ጠባብ ነበር።

በ1982 ዓ.ም. በሕክምና ዶክተርነት ተመርቀው ኢሉባቦር ተመደቡ። እዚያ ሳሉ፣ በግንቦት 1984 ዓ.ም.፣ ወንድማቸው ሁንዴ በሃያ ሦስት ዓመታቸው አረፉ። የሁንዴን የሕይወት ታሪክ የጻፈችው ያኔ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ የነበረችው ዲንቄ ናት። አባቷ ቤተ ክርስቲያን ፍትሐት እንዳትከለክል ሰግተው «በድንገተኛ ሕመም ብለሽ ጻፊ» አሏት፤ ጻፈች። ጽሑፉ ሲነበብ ለቀስተኛው ሁሉ አነባ። ከዚያ ወዲህ የእድሩን ሟቾች የሕይወት ታሪክ የምትጽፈው እሷ ሆነች።

ዶክተር ያለምወርቅ በ1988 ዓ.ም. ከአቶ ዘካሪያስ ጋር ትዳር መሥርተው ልጃቸውን ሮዳስን አፈሩ። ቀጥለውም በአእምሮ ሕክምና ስፔሻላይዝ አደረጉ። ከሌላው ሕክምና ሁሉ ይህን ለምን እንደመረጡ ቤት ውስጥ የጠየቃቸው የለም።

በ2004 ዓ.ም. በአቃቂ ቃሊቲ ራስን ስለ ማጥፋት ጥናት ጀመሩ። አንድ ቅዳሜ ኬክ ይዘው ዲንቄ ቤት መጡ። እህታቸው ናፍቃቸው የመጡ መስሏት ደስ ብሏት ነበር። ኬኩ ገና ተቆርሶ ሳያልቅ ካርቶኑን ጠየቋት። ካርቶኑ ዲንቄ በሃያ ዓመት የጻፈቻቸውን የሕይወት ታሪኮች ቅጂ የያዘ ነው፤ አራት መቶ አሥራ ሁለት። ዶክተር «በድንገተኛ ሕመም» የሚሉትን አንድ በአንድ አንብበው ስልሳ ሦስቱ ላይ በእርሳስ ምልክት አደረጉና ወደየቤቱ ሄዱ።

ቃሊቲ ማረሚያ ቤት በር ላይ ለእስረኛ ጠያቂዎች ምግብ የሚሸጡት ወ/ሮ መዓዛ ልጃቸው ሲሞት ለዲንቄ የሰጧት አንድ መስመር ብቻ ነበር፤ «ታሞ ነው በይልኝ፣ ሌላ አታንሺ»። ለዶክተር ግን አራት ሰዓት ሙሉ ተናገሩ። ዲንቄ ከንክኗት ሄዳ ለምን ብትላቸው «አንቺ መቼ ጠየቅሽኝ? እሳቸው ጠየቁኛ!» አሏት። የወ/ሮ መዓዛ ስም እዚህ የተነሣው በፈቃዳቸው ነው። ቅናቱ ግን የዲንቄ ነው፤ ለሃያ ዓመት እሷ ያለቀሰችላቸው ሰዎች አንጀታቸውን ለእህቷ ገለጡ።

በ2010 ዓ.ም. ዶክተር ሁለተኛውን ጥናት ሠሩ። ጥናቱ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች በባልና ሚስት የወሲብ ሕይወት ላይ ስለሚያስከትሉት ችግር፣ በዚያም አፍረው መድኃኒታቸውን ስለሚያቋርጡ ሰዎች ነው። የዲንቄ ባለቤት አቶ ደበላ የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው። የድባቴ መድኃኒት ከጀመሩ በኋላ ከሚስታቸው ራቁ። ዲንቄ ሌላ ሴት ይዟል ብላ ስልካቸውን በረበረች፤ ሞጆ ድረስም ተከትላ ሄደች። ሌላ ሴት አልነበረችም። ደበላ ጭንቀታቸውን ለዶክተር አማክረው መድኃኒታቸው ሊቀየርላቸው ቀጠሮ ይዘው ነበር። ትዳሩም ተረፈ። ዲንቄ ግን ለሌለችው ሴት የያዘችውን ቅናት ወደ እህቷ አዞረችው፤ ባሏ ከእሷ የደበቁትን ለእህቷ ነግረዋልና። ደበላ «ይነበብ፤ የሚጠቅመው ሰው አይጠፋም» ብለው ፈቅደዋል።

ዶክተር ያለምወርቅ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ባደረባቸው የጡት ካንሰር በአገር ውስጥ ሲታከሙ ቆዩ። የመጨረሻውን አራት ወር ያስታመመቻቸው ዲንቄ ናት። እውነቱን ለመናገር፣ እህቷን ለብቻዋ ያገኘችው ያኔ ነው። ከእነዚያ ስልሳ ሦስት ቤቶች ሰው ሊጠይቅ ሲመጣ «ተኝተዋል» እያለች ከበር መልሳለች። ነቅተው ነበር። ለተመለሳችሁት ሁሉ ይቅርታ ትጠይቃለች።

ሰኔ 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በስድሳ ዓመታቸው አረፉ። ዲንቄ ለዚህ ጽሑፍ የሚሆን ፎቶ ስትፈልግ ከ2004 ጀምሮ እህቷ ቤት የቆየውን ካርቶን ከፈተች። ከሥር የሁንዴን የሕይወት ታሪክ አገኘች። እንደ ሌሎቹ ምልክት የለበትም። ጠርዙ ላይ ግን በእርሳስ «ዲንቄን ልጠይቅ» የሚል አለ፤ 2004 ይላል። ከሥሩ 2006። ከሥሩ 2010። የመጨረሻው 2016 ነው፤ በሕመም ላይ ስለነበሩ ጽሑፉ ተንጋዷል። የሰው ቤት ሁሉ ሲያንኳኩ የእህታቸውን ቤት የዘለሉት ንቀዋት ይመስላት ነበር። ለካ ፈርተው ነው።

በእንዲህ ያለ ጽሑፍ «እኔ» አይባልም። ለአንድ አንቀጽ ይቅር በሉኝ።

ሁንዴ የሞተው ታሞ ነው፤ ሕመሙ ግን ድንገተኛ አልነበረም። ሁለት ወር እንቅልፍ አልነበረውም፤ ምግብ አስጠልቶት ነበር፤ ከፋብሪካ ሥራውም ቀርቷል። በመጨረሻ ራሱን አጠፋ። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት «ለያለም ጻፊላት፣ ትምጣ፤ ይሄን ነገር እሷ ታውቀዋለች» ብሎኝ ነበር። የቤቱን ደብዳቤ ሁሉ የምጽፈው እኔ ነበርኩ። አልጻፍኩም። «እኔስ የለሁም እንዴ?» አልኩት። አንድ ሰው እንኳ ከእሷ አስቀድሞ እኔን እንዲፈልግ ፈልጌ ነበር። ያለም፣ ብትጠይቂኝ እነግርሽ ነበር። እነግርሽ ነበር ብዬ አስባለሁ።

ዶክተር ያለምወርቅ በጥናታቸው መጨረሻ ላይ «ከቤተሰቡ ማንም ብቻውን ጥፋተኛ አይደለም። የተጨነቀ ሰው ሲናገር ግን የሰማው ሰው ለብቻው አይያዘው» ብለው ጽፈዋል። ይህን ያነበበችው እህታቸው ስልሳ አራተኛዋ ሆና መልሳለች።

ዶክተር ያለምወርቅ ባለቤታቸውን አቶ ዘካሪያስን፣ ልጃቸውን ሮዳስን፣ እህታቸውን ዲንቄንና በየቤቱ ያዳመጧቸውን ብዙ ወዳጆች ትተው ሄደዋል። ቸሩ አምላክ ነፍሳቸውን በደጋጎቹ አጠገብ ያኑርልን። ወንድማቸውን ሲያገኙት፣ ደብዳቤው ለምን እንዳልደረሳቸው እሱ ሳይነግራቸው ቀድመው ከእኔ ሰምተውት ይሂዱ።